ደሴቷ ከመታየቷ በፊት

ስለ ሩቅ ደሴት በረራ ሳወራ ሁላችሁም «ነዳጅ ቢያልቅስ?» ትሉኛላችሁ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሰዓት ነው፤ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቡና እየተጠጣ ሳለ ዋናው ውሳኔ የሚያልፍበት ሰዓት።

ኖርፎክን እንውሰድ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል፣ ፓስፊክ ላይ ጠብ ያለች ደሴት ናት። ኒው ካሌዶንያ ያለው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። ስለዚህ ወደዚያ የሚበር ካፒቴን መንገዱ ላይ «መመለሻ የሌለው ነጥብ» ያሰላል። እስከዚያ ድረስ ሐሳብ መቀየር ይቻላል። ካለፉት በኋላ ግን ያለችው ደሴቷ ብቻ ናት፣ ጉም ለበሰችም አልለበሰችም።

ነጥቡ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ወደ ተነሱበት ለመመለስ ከታሰበ፣ ነፋስ ከኋላ ቢገፋም ከፊት ቢገታም ነጥቡ ወደ መነሻው ይጠጋል! ሲሄዱ የገፋው ሲመለሱ ፊት ለፊት ይቆማላ፤ በዝግታ የሚጎተቱበት ጊዜ ስለሚረዝም ኪሳራው ከትርፉ ይበልጣል። (ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እስካሰላው ድረስ እኔም አላመንኩም።) ታዲያ ጋኑን ጢም አድርጎ መሙላት ነዋ? ነዳጅም ክብደት አለው፤ እሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2009 አንዲት ትንሽ ጄት በሽተኛ ጭና ከሳሞአ፣ ከአፒያ ተነሳች። ኖርፎክ ላይ ነዳጅ ቀድታ ወደ ሜልበርን ልትቀጥል ነበር። የተነገረው አየር መልካም ስለነበር ጋኖቿ ሙሉ አልነበሩም። በመንገድ ላይ ሳለች የኖርፎክ ደመና ዝቅ እያለ መጣ፤ የተሻሻለው ትንበያ ግን አብራሪዎቹ ጋ አልደረሰም። የነገሩ ክፋት በቅጡ ሲገባቸው ነጥቡ ከኋላቸው ቀርቷል።

በጨለማ አራት ጊዜ ለማረፍ ሞከሩ፤ መንደርደሪያው አልታይ አለ። ያኔ የቀራቸው ምርጫ አንድ ነው፦ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት፣ አውሮፕላኗ ገና እየታዘዘች ባሕር ላይ ማረፍ። እኔ በበኩሌ ይህቺን የመጨረሻ ውሳኔ አደንቃለሁ፤ ነዳጁ ጭራሽ እስኪነጥፍ አምስተኛ ሙከራ የሚያስመኝ ሰዓት ነበር። አውሮፕላኗ ለሁለት ተሰበረች፣ ሰጠመች። የተሳፈሩት ስድስቱም ሰዎች ግን ወጡ። ከአንድ ሰዓት በላይ ውሃው ላይ ሲንሳፈፉ ካፒቴኑ ትንሽ የእጅ ባትሪ ወደ የብስ ያበራ ነበር። ባሕር ዳር የቆመ አንድ ሰው ያቺን ብልጭታ አያት፤ የነፍስ አድን ጀልባም ወደዚያው አቀናች።