ከደብተር ጠርዝ እስከ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ፦ ወጣት ሠዓሊ እንዴት ያድጋል?

በየክፍሉ አንድ ሥዕል የሚችል ልጅ አይጠፋም። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የልብን ሥዕል ለራሱ ሠርቶ ሲጨርስ የጓደኞቹ ደብተሮች ፊቱ ይደረደራሉ። የወላጆች ቀን ማስታወቂያ ሲያስፈልግም የሚጠራው እሱ ነው፤ ወይም እሷ ናት። ሰውም «ስጦታ አለው» ይላል። ይህ በፍቅር የሚነገር ቃል ነው፤ ነገር ግን ልጁን በሁለት መንገድ ሊያሳስተው ይችላል። ያለው ችሎታ ሁሉ ከተፈጥሮ የተሰጠው ከመሰለው ልምምድን ይተዋል። አንድ ቀን ሥዕሉ ሲበላሽበት ደግሞ ስጦታው ያለቀበት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሠዓሊ የሚያድገው እንደማንኛውም ባለሙያ በትምህርትና በልማድ ነው። እድገቱም የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ደረጃዎች አሉት።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፦ ማየትን መማር

ጀማሪ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ጀበና ሣሉ ብንባል አብዛኞቻችን ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገትና በጎን በኩል እጀታ እንሠራለን። ይህ በሐሳባችን ያለው ጀበና ነው። ፊታችን የተቀመጠውን በደንብ ብናየው ግን ሌላ ነው፤ አፉ ከላይ ሲታይ ሞላላ ነው፤ እጀታው ወደ እኛ ከዞረ አጭር ይሆናል፤ በእሳት የጠቆረው ጎኑ ብርሃን አይመልስም። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተትም የራሱ ቅርጽ አለው። ያንን ክፍተት በትክክል የሣለ ልጅ እጀታውንም በትክክል ሣለ ማለት ነው።

መጠንን ለመለካት የቆየና ቀላል ዘዴ አለ። ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እርሳሱን ከሚሣለው ነገር ትይዩ መያዝ፤ የጀበናውን ስፋት በአውራ ጣት እርሳሱ ላይ ምልክት ማድረግ፤ ከዚያም ቁመቱ የስፋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ማየት። ክንዱ ከታጠፈ ልኬቱ ይለወጣል።

ለዚህ ሁሉ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። መስመር የሌለው ደብተር፣ ለስላሳ እርሳስና ትንሽ የሥዕል ከሰል ይበቃል። በየቀኑ 20 ደቂቃ የእናትን እጅ፣ የተኛ ወንድምን፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን መሣል ይቻላል። የተበላሸውን ገጽ አትቅደዱ፤ ቀኑን ጻፉበት። ከስልክ ፎቶግራፍ መገልበጥ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ጥልቀት ያለውን ዓለም ጠፍጣፋ የማድረጉን ከባድ ሥራ አስቀድሞ የሠራው ካሜራው ስለሆነ፣ ከእውኑ ነገር መሣልን አይተካም።

ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚያመለክት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሥራዎቹን ስብስብ እንዲያቀርብ ወይም የተግባር ፈተና እንዲወስድ ይጠየቃል። ከስብስቡ ጋር የንድፍ ደብተርንም ማቅረብ ከተቻለ ጥሩ ነው። አንድ ያማረ ሥዕል በአጋጣሚ ሊወጣ ይችላል፤ የሁለት ዓመት ደብተር ግን ልማድን ያሳያል።

ኮሌጅ፦ ምስጋና የሚያንስበት ዓመት

በአካባቢያችን የረጅም ጊዜ ታሪክ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውንና በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በኡጋንዳ ማኬሬሬ ደግሞ የሥነ ጥበብ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937 በማርጋሬት ትሮዌል ነው።

በእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ጊዜ በአብዛኛው የመሠረት ትምህርት ነው፤ ንድፍ፣ ቀለም፣ የሰውነት አሠራር፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ። ለአዲስ ተማሪ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መምህሩና የክፍል ጓደኞቹ ይተቹታል። በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ልጅ አሁን ሁሉም አንደኛ ከነበሩበት ክፍል ገብቷል። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ አለ። ከትችት ለመጠቀም የሚረዳው «ወደዳችሁት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? የቱ ቦታ አልገባችሁም?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ጽፎ መያዝና በሚቀጥለው ሥራ መሞከር ነው።

ከተማሩ በኋላ፦ ወደ ቤት መመለስ

ኮሌጅ እጅን ያሠለጥናል፤ ምን እንደሚሣል ግን አይነግርም። ሱዳናዊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ በልጅነቱ በአባቱ የቁርዓን ትምህርት ቤት የዐረብኛ ጽሕፈት ተምሯል። ለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ካርቱም ሲመለስና ሥራዎቹን ሲያሳይ የአገሩ ሰው አልተቀበላቸውም። እሱም በአገሩ ያሉትን ጌጦችና ጽሕፈቶች እንደገና ማየት ጀመረ፤ የልጅነቱ ፊደል ወደ ሥዕሉ ገባ፤ የታወቀበትም አሣሣል ከዚያ ወጣ።

አፈወርቅ ተክሌም እንዲሁ በለንደን ከተማሩና በአዲስ አበባ ሥራቸውን ካሳዩ በኋላ፣ አውሮፓ ሄደው የመስታወት ሥዕልን ከማጥናት ጋር በዚያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን ሥዕሎች ተመልክተዋል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥራቸው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአገር ርቀው ለሚያድጉ ልጆቻችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በቤታቸው ያለው የመሶብ ስፌት፣ የነጠላ ጥለትና የግዕዝ ፊደል የሥዕል ትምህርት አካል ነው።

ለወላጆች

«ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቀላል ገቢ የሚገኝበት ሙያ ነው ማለት አይቻልም። ሥዕል የተማረ ሰው ግን በግራፊክ ዲዛይን፣ በማስተማር፣ በመጽሐፍ ሥዕል፣ በአኒሜሽን፣ በጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ሊሠራ ይችላል። አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር።

ስለዚህ ልጁ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን እንዳይተው መቆጣጠር ትክክል ነው፤ ለኮሌጅ መግቢያም ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሞሉትን የንድፍ ደብተሮች ከአሮጌ ወረቀት ጋር አትጣሉ፤ ሥዕል ሲያሳያችሁም «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ምን እንዳየ፣ የቱ ቦታ እንደከበደው፣ በሚቀጥለው ምን ሊሞክር እንዳሰበ ጠይቁት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቤቱ የለመደ ልጅ የኮሌጅ ትችት ሲገጥመው አይደነግጥም።