የፀሐይ ቫይታሚንና የታይሮይድ ዕጢ፦ በመጠንና በሰዓት የሚዳኙ ሁለት ኪኒኖች

አገራችን በቱሪዝም ማስታወቂያዎቿ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» እየተባለች ስትሞገስ ኖራለች። ፀሐይ ለእኛ ብርቅ አይደለችም። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዓረብ አገሮች የመጣ ዘመድ በሻንጣው የያዘው፣ «ቫይታሚን ዲ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ብልቃጥ ይገኛል። ብልቃጡ ከሚደርሳቸው ሰዎች መካከል የታይሮይድ ሕመም ያለባቸውና በየማለዳው ሌላ ኪኒን የሚውጡ እናቶችና እኅቶች አሉበት። ሁለቱ ኪኒኖች ይስማማሉን? ቫይታሚን ዲ የታይሮይድን ሕመም ይፈውሳልን? ወይስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል?

«የፊዚክስ መምህር ስለ ኪኒን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ነገሩ የሚጀምረው ከብርሃን ሲሆን የሚቋጨው በልኬት ነው። ብርሃንና ልኬት ደግሞ የፊዚክስ ርስት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐተታ የሐኪምን ምክር የሚተካ ሳይሆን፣ አንባቢው ሐኪሙን በሚገባ እንዲጠይቅ የሚረዳ ነው።

ከፎቶን እስከ አጥንት

በቆዳችን ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው አንድ ሞለኪውል ይገኛል። ይህ ሞለኪውል ከፀሐይ የሚመጣ የአልትራቫዮሌት ፎቶን ሲመታው ከቀለበቶቹ አንዱ ይከፈትና በሰውነት ሙቀት እየተለወጠ ቫይታሚን ዲ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚበቃው ማንኛውም ብርሃን አይደለም። የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ጨረር ያስፈልጋል። የ295 ናኖሜትር ፎቶን 4.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኢነርጂ ሲይዝ፣ የ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ግን 2.25 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ይይዛል። በመሆኑም አረንጓዴው ብርሃን የቱንም ያህል ቢበዛ ቀለበቱን ሊከፍት አይችልም። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይም ቢያሞቀን እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጠንም፤ ተራ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ውጦ ያስቀረዋልና።

በቆዳ የተሠራው ወይም በኪኒን የተዋጠው ቫይታሚን ዲ ገና ለሥራ ዝግጁ አይደለም። መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በዋናነት በኩላሊት ተለውጦ ንቁ ሆርሞን ይሆናል። ዋና ተግባሩም አንጀት ካልሲየምን ከምግብ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል የሕፃናት አጥንት ይጎብጣል፤ የአዋቂዎችም አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻቸውም ይዝላል።

ፊዚክስ የተነበየውና ደም የመሰከረው

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቀኑ በሚያጥርበት ሰሞን፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በዚያው ቀን በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ የቀትር ፀሐይ ከ7 ዲግሪ አትበልጥም። በዚህ ዝቅተኛ ማዕዘን ጨረሩ የሚያቋርጠው የአየር ርዝመት ከአዲስ አበባው ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ኦዞን አልትራቫዮሌቱን አጣርቶ ያስቀረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች መሆኗም ጨረሩን ያጠነክረዋል። ከዚህ ስሌት ተነሥተን ብንፈርድ ኢትዮጵያዊው በቫይታሚን ዲ የበለጸገ፣ ኖርዌያዊው የደኸየ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን።

ደም ሲለካ ግን ተቃራኒው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በደማቸው የተለካው የቫይታሚን ዲ መጠን ኢትዮጵያውያኑ ከኖርዌያውያኑ ያነሰ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ የሚማሩ ልጆችን መርምሮ ከ100 ተማሪዎች 42ቱ እጥረት እንዳለባቸው አረጋገጠ። በከተማ የሚማሩት ከገጠር ልጆች በጉልህ የባሰ እጥረት ታይቶባቸዋል።

ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የለካው ሰማዩን እንጂ ቆዳን አይደለም። በቆዳችን ያለው ሜላኒን የተፈጥሮ ማጣሪያ ነው። ልብስ ጨረሩን ይከልላል፤ የመማሪያ ክፍልና ቢሮም እንዲሁ። ኖርዌያዊው በበኩሉ ቅባት ያለው ዓሣና የዓሣ ጉበት ዘይት ይመገባል። እንግዲህ «ፀሐይ ባለበት አገር እጥረት የለም» የሚለው አባባል በልኬት ፊት አይቆምም። ብልቃጡን ያመጣው ዘመድም በከንቱ አልደከመም ማለት ነው። ጥያቄው ለማን፣ ምን ያህልና መቼ የሚለው ነው።

ታይሮይድ ሲታመም

የታይሮይድ ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ይዞ ይገኛል። የሚያመነጨው ታይሮክሲን የተባለ ሆርሞን በእያንዳንዱ ሞለኪውሉ አራት የአዮዲን አቶሞችን ይሸከማል። ሰውነታችን ምግብን ወደ ሙቀትና ወደ ሥራ የሚለውጥበትን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ይኸው ሆርሞን ነው።

የዕጢው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያብጥና በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ዘንድ የታወቀው እንቅርት ይወጣል። ጃፓናዊው ሐኪም ሐሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው ሕመም የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ ወግቶ ያደክመዋል፤ ሆርሞኑ ያንሳል፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። በአየርላንዳዊው ሐኪም በግሬቭስ ስም በሚጠራው ሕመም ደግሞ መከላከያው ዕጢውን ያለ ልክ ያሠራዋል፤ ልብ ይመታል፣ ሰውነት ይከሳል።

ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ የሚያስከትለው ድካምና የጡንቻ ሕመም ከቫይታሚን ዲ እጥረት ስሜት ጋር ይመሳሰላል። መድኃኒቷን እየወሰደች ድካሙ ያልለቀቃት አንዲት ሴት «ቫይታሚን ቢጎድለኝ ነው» ብላ ብልቃጡን ብትከፍት አያስደንቅም።

ቫይታሚን ዲ ታይሮይድን ይፈውሳልን?

የሐሺሞቶ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ አንሶ መገኘቱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የታመመ ሰው ከቤት ባለመውጣቱም ቫይታሚኑ ሊያንሰው ይችላል። ይህን ለመለየት ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ ቫይታሚን፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን ሰጥቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

በዴንማርክ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ጥናት ይህንኑ አደረገ። የግሬቭስ ሕሙማን ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር በየቀኑ 70 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ወይም ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ቫይታሚኑ ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ አልረዳም። በሌላ በኩል በአሜሪካ ከ25,000 በላይ ጎልማሶችና አረጋውያን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ በየቀኑ 50 ማይክሮግራም የወሰዱት መከላከያው የራሱን አካል በሚወጋባቸው ሕመሞች የመያዛቸው ዕድል በጥቅሉ በ22 በመቶ መቀነሱን አመለከተ። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅል ቁጥር ነው፤ በታይሮይድ ሕመም የተያዙት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ለታይሮይድ ብቻ ተነጥሎ ፍርድ ሊሰጥበት አይችልም።

ከዚህ የምናገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። እጥረት ያለበት ሰው ታይሮይዱ ቢታመምም ባይታመምም ቫይታሚን ዲ መውሰዱ ለአጥንቱ ይጠቅመዋል። ቫይታሚን ዲ ግን የታይሮይድ መድኃኒትን አይተካም። በአዮዲን ማነስ ለሚመጣ እንቅርትም ፍቱኑ መከላከያ አዮዲን ያለው ጨው እንጂ ቫይታሚን ዲ አይደለም።

ኪኒኖቹ የሚጋጩበት ሰዓት

ሆርሞን ያነሳቸው ሰዎች የሚውጡት ኪኒን ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ተውጦ፣ ከቁርስ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይገባል። ቡናም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ፣ የማለዳው ስኒ ቢዘገይ ይመረጣል።

ቫይታሚን ዲ ብቻውን ለዚህ መድኃኒት እንቅፋት መሆኑ አይታወቅም። ችግሩ ያለው ከጓደኛው ከካልሲየም ጋር ነው። ብዙ ብልቃጦች ሁለቱን በአንድ ኪኒን አዳብለው ይይዛሉ። ካልሲየም ካርቦኔት በሆድ ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን አጣብቆ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት 20 ሕሙማን ለሦስት ወራት በየቀኑ 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ከመድኃኒታቸው ጋር አብረው ወሰዱ። ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለው፣ ታይሮይድ ሲደክም ከፍ የሚለው የአንጎል ትእዛዝ፣ በአማካይ ከ1.6 ወደ 2.7 አደገ። ከአምስቱ የአንዱም ከጤናማው ወሰን በላይ ወጣ። ካልሲየሙን ሲያቆሙ ልኬቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ማሳለፍ። የብረት ኪኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡርም ይህንኑ ሥርዓት ልትከተል ይገባል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው በሚሸጡ ድብልቅ ቫይታሚኖች ውስጥ የሚገኘው ባዮቲን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጣጣ አለው። በብዛት ሲወሰድ የሚያዛባው ታይሮይዱን ሳይሆን የላቦራቶሪውን ልኬት ነው፤ ጤናማውን ሰው ሆርሞን የበዛበት ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቆም ይመከራል።

ትዕግሥትም የሕክምናው አካል ነው። ታይሮክሲን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይወስዳል። የኪኒኑ መጠን ሲለወጥ በአሮጌውና በአዲሱ ሚዛን መካከል ያለው ልዩነት በየሳምንቱ በግማሽ እየጠበበ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ስልሳ አራተኛ ብቻ ይቀራል። ሐኪሙ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» ሲል ይህን የራዲዮአክቲቭ መክሰም ትምህርት የሚያውቅ ተማሪ ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። በአምስተኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብሎ ኪኒን መጨመር ግን ገና ያልረጋን ሚዛን መነካካት ነው።

አሃድን አለማወቅ የሚያስከትለው አደጋ

በብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ «ዓለም አቀፍ አሃድ» በሚባል መለኪያ ነው። 40 ዓለም አቀፍ አሃድ አንድ ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ነው። ለወጣቶችና እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ላሉ አዋቂዎች በቀን የሚመከረው 600 አሃድ፣ ማለትም 15 ማይክሮግራም ነው። አራት ግራም የሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ቫይታሚን ዲ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ሰው ከ700 ዓመት በላይ በበቃው ነበር።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ሊታለፍ የማይገባው ወሰን 4000 አሃድ ነው። በገበያ ግን 5000፣ 10,000፣ እንዲያውም 50,000 አሃድ የያዙ ኪኒኖች አሉ። የመጨረሻው በሐኪም ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በየቀኑ ቢውጠው ቫይታሚኑ በስብ ውስጥ ይከማቻል፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል፤ የውኃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ማቅለሽለሽና የሐሳብ መዛባት ይከተላል፤ ኩላሊትም ይጎዳል።

በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው አሉ። የታይሮይድ ሆርሞን የበዛበት ሰው አጥንቱ በፍጥነት ስለሚፈርስ በደሙ ያለው ካልሲየም አስቀድሞ ከፍ ሊል ይችላል። በሳንባ ነቀርሳ የተያዘ ሰውም ንቁውን ሆርሞን ከኩላሊት ቁጥጥር ውጪ ሊያመርት ይችላል። እነዚህ ሰዎች ያለ ምርመራ ብልቃጥ መክፈት የለባቸውም።

በተቃራኒው ኪኒኑን ማቋረጥ የማይገባቸውም አሉ። ከታይሮይድ ጀርባ የምስር ፍሬ የሚያህሉ አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እነዚህ ዕጢዎች ከተጎዱ የደም ካልሲየም ያሽቆለቁላል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሚታዘዘው ካልሲየምና ንቁ ቫይታሚን ዲ ተጨማሪ ምግብ ሳይሆን ሕይወቱን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ከሌቮታይሮክሲኑ በሰዓት ይለየው እንጂ በራሱ ፈቃድ ሊተወው አይገባም።

ከተማሪው የሚጠበቀው

በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ በብዙ ቤት አንባቢው ተማሪው ነው። «እስኪ ይህን አንብብልኝ» ወይም «አንብቢልኝ» የሚል ቃል ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እናንብብ። አንደኛ፣ በአንድ ኪኒን ውስጥ ያለው መጠን ስንት ነው፣ አሃዱስ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ካልሲየም፣ ብረት ወይም ባዮቲን አብሮ አለበትን? ሦስተኛ፣ የሚወሰደው በየቀኑ ነው ወይስ በየሳምንቱ? ከዚያም ብልቃጡን ከማለዳው የታይሮይድ ኪኒን ጎን ከማስቀመጥ ይልቅ ለማታ አቆይተን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከነብልቃጡ ለሐኪም እናሳይ። በክፍል ውስጥ የተማርነው የአሃድ ለውጥ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ነገር አይደለም፤ በዚህ ቦታ የእናትን ጤና ይጠብቃል።