ስለ ውድድር ፈረሶች የአንጀት ተላላፊ በሽታ

ፈረስ በጉግስም ሆነ በእሽቅድድም ሜዳ የሚፈተነው በእግሩ ቢመስልም፥ ኀይሉ የሚመነጨው ከአንጀቱ ነው። ስለዚህ ፈረስ የሚያኖር ሰው፥ እንዲሁም በወረዳው የፈረስ ጨዋታ የሚያሰናዳ ሹም፥ የአንጀትን ተላላፊ በሽታ ምክንያቱን፥ ምልክቱንና መከላከያውን ዐውቆ መገኘት ይገባዋል። ይህ በሽታ ጠንክሮ የመጣ እንደ ሆነ ብዙ የተደከመበትን ፈረስ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል፥ ከዚያም ዐልፎ ከርሱ ጋራ በአንድ ገንዳ ወደ ጠጡት ሊተላለፍ ይችላልና።

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው ከአካሉ ትልቅነት ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ሣሩና ድርቆሹ የሚብላላው በስተኋላ ባለው ክፍል፥ ማለት በዕውር አንጀትና በትልቁ አንጀት ነው፤ በትልቅ ፈረስ ሁለቱ በአንድነት 100 ሊትር ያህል ይይዛሉ። በዚያ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ፥ በዐይን የማይታዩ፥ ቍጥር የሌላቸው ተሐዋስያን ይኖራሉ። እነዚህ የፈረሱ አገልጋዮች እንጂ ጠላቶቹ አይደሉም፤ ሣሩን አብላልተው ኀይል የሚሆነውን ምግብ ያወጡለታል። ሥርዐታቸው ተጠብቆ ሲኖር ክፉዎቹ ተሐዋስያን ቦታ አያገኙም፤ ሥርዐታቸው የፈረሰ እንደ ሆነ ግን ክፉዎቹ ይበዛሉ፥ መርዛቸውም የአንጀቱን ግድግዳ ያቈስላል። ከክፉዎቹ ዋና ዋናዎቹ ሳልሞኔላ፥ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባሉት ናቸው። ጤነኛ በሚመስል ፈረስ ሆድ ውስጥም በጥቂቱ ሊገኙ ይችላሉ።

የውድድር ፈረስ ከሌላው ይልቅ ለዚህ በሽታ የሚጋለጥበት ምክንያት አለው። 1ኛ፤ አንዳንድ ባለ ፈረስ የጨዋታው ቀን ሲቀርብ ፈረሱን ለማበርታት ብሎ ገብሱን በድንገት ያበዛለታል። ትንሹ ጨጓራ የማይችለው እህል ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ይኰመጥጣል፤ በጎዎቹም ተሐዋስያን ያልቃሉ። 2ኛ፤ ረዥም መንገድ፥ ድካምና ጾም አንጀቱን ያውካሉ። 3ኛ፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ፈረሶች በአንድ ቦታ ይቀላቀላሉ። 4ኛ፤ አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ክፉውን ብቻ ሳይሆን በጎውንም ይገድላል። በስዊድን አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ኤሪትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ለውርንጭሎች ሲሰጥ፥ እናቶቻቸው በክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌ ምክንያት በከባድ ተቅማጥ ታመዋል። ስለዚህ ተቅማጥን ሁሉ በመርፌ ለማቆም መጣደፍ በእሳት ላይ ቅቤ እንደ መጨመር ይሆናል።

የሚተላለፈው በፋንድያ፥ በውሃ ገንዳ፥ በግርግም፥ በባልዲ፥ በጠባቂዎችም እጅና ጫማ ነው። የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲሌ ዘር በመሬት ላይ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። የበሽታውን ጽናት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኒው ቦልተን ሴንተር የተባለው ታላቅ የእንስሳት ሆስፒታል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. መድኃኒት የማይበግረው ሳልሞኔላ ስለ ገባበት፥ በሩን ለወራት ዘግቶ ቤቱን ሁሉ ለማጽዳት ግድ ሆኖበታል። የተማሩ ሐኪሞች በሞሉበት ቤት ይህ ከሆነ፥ ጥንቃቄ በሌለበት ጋጣ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ምልክቱ ይህ ነው። ፈረሱ አስቀድሞ ይተክዛል፥ መብል ይተዋል፤ ትኩሳቱ ከጤናው ልክ፥ ማለት ከ38.5 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በጤናው ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 የሚመታው ልቡ ከ60 በላይ ይመታል፤ ድዱ ይጠቍራል ወይም ይቀላል። ከዚህ በኋላ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ይመጣል። ተቅማጡ ሳይታይ ትኩሳቱና ቍርጠቱ ብቻ የሚቀድሙበት ጊዜ ስላለ፥ ፋንድያውን ብቻ አይቶ መታለል አይገባም። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ የሚሆነውን ውሃ ካጣ፥ 30 ሊትር ጐደለበት ማለት ነው፤ በዚህን ጊዜ ደሙ ይወፍራል፥ ሕይወቱም በአደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚህ የተረፈውም ቢሆን በኮቴው ውስጥ ያለው ሥጋ ተቃጥሎ ለዘለቄታው አንካሳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምልክቱ በታየ ጊዜ ወዲያውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ እስኪደርስ ፈረሱ ለብቻው ይታሰር፥ እህል ይከልከል፥ ድርቆሽ ይቅረብለት። ንጹሕ ውሃ በአንድ ባልዲ፥ በ5 ሊትር 45 ግራም ጨው የተበጠበጠበት ውሃም በሌላ ባልዲ ይቀመጥለት፤ የወደደውን ይጠጣል። ጠባቂው አስቀድሞ ጤነኞቹን፥ በመጨረሻ በሽተኛውን ያገልግል፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ፤ ሳልሞኔላ ወደ ሰው፥ ይልቁንም ወደ ሕፃናት ይተላለፋልና። ጋጣው ሲጸዳ ፋንድያው ተጠርጎ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በበረኪና ይለቅለቅ፤ በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኀይሉን ያጣል። ፈረሱ ዳነ ከተባለም በኋላ ተሐዋስያኑን አልፎ አልፎ ሊያወጣ ስለሚችል፥ ፋንድያው በተለያየ ቀን ደጋግሞ ሳይመረመር ከሌሎች ጋራ አይቀላቀል።

ሹማምንትን በተለይ የሚመለከተው የጨዋታው ቀን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እጅግ ብዙ ፈረሶች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ። እንዲህ ባለው በዓል ሁሉ አሰናጆቹ በመግቢያው ላይ ፈረሶቹን የሚያይ ሐኪም ማቆም፥ ባለ ፈረሱም ባልዲውን ይዞ እንዲመጣና በጋራ ገንዳ እንዳያጠጣ ማዘዝ፥ ለሚታመመው የተለየ ቦታ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ፈረስ የማንም ቢሆን ይመለስ። ባለቤቱ የተከበረ ሰው ሲሆን ሹሙ ማፈሩ አይቀርም፤ ነገር ግን አንዱን ሰው ላለማስቀየም ሲባል የብዙዎች ፈረስ ቢያልቅ፥ ያን ጊዜ ማንም አያመሰግነውም። ባለ ፈረሶችም በበኩላቸው የምግብ ለውጥ ሲያስፈልግ ከ7 እስከ 14 ቀን ቀስ በቀስ ይለውጡ፤ አዲስ የመጣውንም ፈረስ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ለይተው ያቈዩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ጥቂት ጥንቃቄ አስቀድሞ ፈረስን ያድናል።