ስሙ ሲሸፈን የሚቀና ፍርድ፦ በሰበካችን ስለ ሀገር ጉዳይ ስንነጋገር

አንድ ባለጸጋ የድሃውን ብቸኛ በግ ወስዶ እንዳረደ ነቢዩ ናታን በነገረው ጊዜ ንጉሥ ዳዊት በቍጣ ፈረደ። ፍርዱ የቀናው፣ ታሪኩ የራሱ መሆኑን ስላላወቀ ነበር (2ኛ ሳሙ. 12)። የወገንተኝነት ጠባይ ከዚህ ይታወቃል፤ ሰው ስም ሲሸፈንለት በትክክል የሚፈርደውን፣ ስሙን ሲሰማ ሚዛኑን ይለውጥበታል።

ይህ ፈተና በወለንጪቲ ቅርብ ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የቦሰት ወረዳ ከተማ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል፤ ዜናውም ከልዩ ልዩ ጣቢያ ይሰማል። አንዱ «ታጣቂ» ያለውን ሌላው «አሸባሪ»፣ ሦስተኛው «ነጻ አውጪ» ይለዋል። ካህኑ ከእነዚህ አንዱን መርጦ በዐውደ ምሕረት ቢናገር፣ ነገሩን ሳያስረዳ ፈርዷል ማለት ነው። ከምእመናኑ ገሚሱ ዝም ይላል፤ ሐዘን በደረሰበትም ጊዜ ለንስሐ አባቱ ለመናገር ያመነታል።

ሌላ ምሳሌ እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዳማ የኦሮሚያ ክልል አጀንዳ ማሰባሰቢያ መድረክ አካሂዷል። ብዙ የኅብረተሰብ ተወካዮች ተገኝተዋል፤ አንዳንድ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ደግሞ በኮሚሽኑ ገለልተኛነት ላይ ጥያቄ አንሥተው ከምክክሩ ርቀዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ደጋፊው የመጀመሪያውን ብቻ፣ ነቃፊው ሁለተኛውን ብቻ ቢናገር ማንኛቸውም አልዋሹም፤ ሰሚው ግን ተሳስቷል። ወገንተኝነት ከሐሰት ይልቅ በጎዶሎ እውነት የሚሠራ በመሆኑ በቀላሉ አይታወቅም።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ልማዶችን ቢይዙ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የሆነውን ከተሰጠው ስም መለየት፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን አደረገ? ሁለተኛ፣ የወገኖቹን ስም አለዋውጦ መጠየቅ፤ ይህንኑ ያደረገው የእኔ ወገን ቢሆን ምን እል ነበር? ሦስተኛ፣ ከመቃወም አስቀድሞ የሌላውን አሳብ፣ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ መድገም። ውይይቱን የሚመራውም ሰው የራሱን አስተያየት በመጨረሻ ቢሰጥ፣ ታናናሾች ሳይፈሩ ይናገራሉ።

ሚዛናዊነት ግን እውነትን ለሁለት መክፈል አይደለም። ንጹሕ ሰው ሲገደል፣ ገዳዩ ከየትኛውም ወገን ቢሆን ግድያው ግድያ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐትም የሟቹን ፓርቲ አይጠይቅም። ካህናት የሐዘንተኛውን ቤት ሁሉ በእኩል ሲያንኳኩ፣ ምእመናን ከስብከት ይልቅ ሚዛኑን ከዚያ ይማራሉ።