የቬፕ ሽቦና ጥጥ በቤት ሲሠራ፦ ሳንባችን ውስጥ ምን ይገባል?



የዛሬውን ርዕስ የመረጠልኝ አንድ ታካሚዬ ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ግን አላነሳም። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የሃያ አራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ልጁ ሦስት ሳምንት ያለፈው ደረቅ ሳል አለበት። ልቡ በድንገት በኃይል ይመታል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ስጠይቀው ቀድመው የመለሱት እናቱ ነበሩ። «ሲጋራውንስ ተወልኝ፤ ተመስገን! አሁን የሚስበው እንፋሎት ነው፤ ውሃ ነው ይለኛል» አሉ። ልጁ አቀረቀረ።

«እናቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» አልኳቸውና ሁለታችን ቀረን። ልጁ ከቦርሳው ከባድ የብረት መሣሪያ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ እኔ እንደሌሎቹ ዝግጁውን አልጠቀምም። ሽቦውንም ጥጡንም ራሴ ነኝ የምሠራው። ምን እንደምስብ አውቃለሁ» አለኝ።

«ሽቦውን ከየት ታመጣለህ?»

«ዱባይ ያለችው እህቴ ልካልኝ ነበር። ሲያልቅብኝ ምጣድ ከሚጠግን ሰው ገዛሁ።»

«ጥጡንስ?»

ፈገግ አለ። «እናቴ ለነጠላ ከምትፈትለው ባዘቶ ቆንጥሬ ነው። አታውቅም።»

«ራሴ ስለሠራሁት ንጹሕ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ ከዚህ ወጣት ሌላም ሰው ያነሳዋል። ስለዚህ ዛሬ መሣሪያውን ፈታ አድርገን እንመልከተው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወይም በተለምዶ «ቬፕ» የሚባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 በዘመናዊ መልኩ የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። ኩራዝ አብርቶ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። በኩራዝ ውስጥ ክሩ ላምባውን ወደ ላይ ይስባል፤ ጫፉ ላይ ያለው እሳት ደግሞ ላምባውን ያነድደዋል። በቬፕ ውስጥ የክሩን ሥራ የሚሠራው ጥጥ ነው፤ የእሳቱን ሥራ የሚሠራው ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ የተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ ነው። ባትሪው ሽቦውን ሲያግለው ጥጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይተንና ተጠቃሚው ይስበዋል።

ፈሳሹ ውሃ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ ቅመምና ኒኮቲን የተቀላቀሉበት ነው።

በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ሽቦውና ጥጡ ከፋብሪካ ተገጥመው ይመጣሉ። ታካሚዬ የያዘው ዓይነት ግን ተጠቃሚው ራሱ እየፈታ የሚሠራው ነው። ሽቦውን በቀጭን ዘንግ ላይ ጥቂት ዙር ይጠመጥማል፣ በብሎን ያስራል፣ በመካከሉ ጥጥ ያሳልፋል፣ ፈሳሽ ያንጠባጥብበታል። ሰዎች ይህን የሚመርጡት ርካሽ ስለሆነ፣ ጣዕሙ ስለሚጎላና ብዙ ጭስ ስለሚወጣው ነው። በሌላ አነጋገር ተጠቃሚው ለሳንባው ትንሽ ምድጃ ይሠራል፤ የሠራውን ምድጃ ደግሞ የሚፈትሽለት ሰው የለም።

ጥጡ ሲደርቅ

ፈሳሹ በጥጡ ውስጥ እስካለ ድረስ ሽቦው ከልክ በላይ አይግልም። ጥጡ ሲጠቀጠቅ ፈሳሹ በበቂ ፍጥነት አይደርስም፤ ሲሳሳ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ያኔ ሙቀቱ ይንርና ጥጡ ያርራል። ተጠቃሚዎች ይህን ጉሮሮ በሚያንቅ የተቃጠለ ጣዕም ያውቁታል።

ጉዳቱ ግን ከጣዕሙ ያልፋል። ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ከልክ በላይ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ወደተባሉ ኬሚካሎች ይፈርሳሉ። ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። አክሮሊንን ደግሞ ሁላችንም በማዕድ ቤት እናውቀዋለን፤ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲያርር ዓይንና አፍንጫን ከሚቆጠቁጡት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። ያንን ጭስ ስናሸት መስኮት እንከፍታለን። ቬፕ የሚስብ ሰው ግን በቀጥታ ወደ ሳንባው ያስገባዋል።

የጥጡ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጥጥ መስለው የሚሸጡ አንዳንድ ምርቶች ከፖሊስተር የተሠሩ ስለሆኑ በሙቀት ይቀልጣሉ። የእናት ባዘቶ ከፋብሪካ ኬሚካል የጸዳ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለልብስ እንጂ ለመተንፈሻ አልተዘጋጀም። ሲያርርም እንደማንኛውም ጥጥ ያርራል።

ሽቦው ምን ይለቃል?

ለዚህ ሥራ የሚውሉት ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ከብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ወይም ከኒኬልና ክሮሚየም የተቀላቀሉ ናቸው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን መሣሪያ መርምረዋል። በጠርሙሱ ካለው ፈሳሽ ይልቅ ከሽቦው ጋር በተነካካው ፈሳሽና በእንፋሎቱ ውስጥ ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ በእጅጉ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። 

ከምጣድ ጠጋኝ የተገዛ ሽቦ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ የሚናገር ወረቀት የለም። ሽቦው ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ሲግል የዚንክ ጢስ ያወጣል። በያጆች እንዲህ ዓይነት ብረት በይደው ማታ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ሳል የሚይዛቸው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዶች ሽቦውን ለማጽዳት ያለ ጥጥና ያለ ፈሳሽ ፍም እስኪመስል ያግሉታል። ይህም የብረቱን ገጽ ስለሚለውጥ የሚመከር አይደለም።

ባትሪው ቦምብ የሚሆነው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስፈልገናል። የኤሌክትሪክ ፍሰት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። በነዚህ መሣሪያዎች የሚገባው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ይሰጣል። ሽቦው 0.5 ኦም ከሆነ የሚፈስሰው 8.4 አምፒር ነው። 0.2 ኦም ሲሆን 21 አምፒር፣ 0.1 ኦም ሲሆን 42 አምፒር ይደርሳል። ሽቦው ባጠረና በወፈረ ቁጥር ኦሙ ይወርዳል፤ ጭሱም ይበዛል፤ ባትሪው ላይ የሚያርፈው ጫናም እንዲሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ለእንዲህ ያለ ጫና አልተሠራም። በተለይ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት በሌላቸው መሣሪያዎች ፍሰቱን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ባትሪው ሊነድ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ በእንዲህ ዓይነት ፍንዳታ ሰዎች ሞተዋል።

ሌላው አደጋ ኪስ ውስጥ ነው። ትርፍ ባትሪ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ሲነካካ ሁለቱ ጫፎቹ ይገናኙና ኪስ ውስጥ እንዳለ ይነዳል። ቃጠሎው የሚደርሰው ጭንና ብልት አካባቢ ነው።

የታካሚዬ የልብ ምት ምክንያት

ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ በአገራችን መጀመሪያ መመርመር ያለበት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስለዚህ የአክታ ምርመራና ራጅ አዘዝኩለት፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። የልብ ምርመራውም የልቡን ፍጥነት ከማሳየት በቀር ሌላ ችግር አላሳየም።

ምክንያቱን ያገኘሁት የፈሳሹን ጠርሙስ ሳነብ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይላል። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን 20 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል የጠነከረ ፈሳሽ የሚዘጋጀው በአንድ ሳብታ ጥቂት ብቻ ለሚያተኑ ትናንሽ መሣሪያዎች ነው። ልጁ ግን በወፍራም ሽቦ በአንድ ሳብታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያተን ነበር። ማቅለሽለሹ፣ የእጁ መንቀጥቀጥና የልቡ ምት ኒኮቲን ሲበዛ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። «ምን እንደምስብ አውቃለሁ» ያለው ልጅ፣ ምን ያህል እንደሚስብ አላወቀም ነበር።

በአፍ ሲወሰድ የማይጎዳ ነገር ሁሉ ለሳንባ ይስማማል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በቬፕ ምክንያት ድንገተኛ የሳንባ ጉዳት ተከስቶ እስከ 2020 መጀመሪያ 2,807 ሰዎች ለሆስፒታል ወይም ለሞት መዳረጋቸው ተመዝግቧል፤ ከእነዚህ መካከል የሞቱት 68 ነበሩ። በአብዛኞቹ ላይ ከካናቢስ ዘይት ጋር የተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባት ዋናው ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቅባት በምግብ ማሟያና በቆዳ ቅባት ውስጥ የሚገኝ ነው።

«ከሲጋራ አይሻልም ወይ?»

ልጁ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። እውነቱን መናገር አለብኝ። በቬፕ ውስጥ ትንባሆ ስለማይነድ ከሲጋራ የሚወጣው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ወይም እጅግ ያነሰ ነው። እንግሊዝን በመሰሉ አገሮች ሲጋራ ማቆም ላቃታቸው አዋቂዎች ሐኪሞች እንደ አንድ አማራጭ ያቀርቡታል። ነገር ግን እነዚያ አገሮች የፈሳሹን ይዘት፣ የኒኮቲኑን መጠንና የመሣሪያውን ደህንነት ይቆጣጠራሉ። ከምጣድ ሽቦና ከባዘቶ የተሠራው መሣሪያ ያንን ቁጥጥር አላለፈም። በአገራችንም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭን ስለሚከለክል በድብቅ የሚሸጠውን የሚመረምር የለም። ለማያጨስ ሰውና ለወጣት ደግሞ «ይሻላል» የሚባል ነገር የለም፤ አዲስ ሱስ መግዛት ነው።

ምን እናድርግ?

ቬፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ግቡ ማቆም ነው። ወደ ሲጋራ ግን አትመለሱ። የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይቻላል። የማቆሚያ ቀን ቁረጡ፤ ለቤተሰብም ንገሩ። ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይበረታሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። አምሮቱ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ደቂቃዎች ቆይቶ ያልፋል፤ ውሃ ጠጡ፣ ተነስታችሁ ተራመዱ። ጫትና ከጫት በኋላ የሚጠጣ መጠጥ አምሮቱን ስለሚቀሰቅሱ በነዚያ ሳምንታት ራቁ። የኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተር ወይም በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት እንደሚያስፈልጋችሁ ሐኪም ያማክሩ።

እስክታቆሙ ድረስ ደግሞ ቢያንስ እነዚህን አድርጉ። ምንነቱ ያልታወቀ ሽቦ አትጠቀሙ። መቆጣጠሪያ የሌለው መሣሪያና ልባሱ የተላጠ ባትሪ አስወግዱ። ባትሪ በኪስ አትያዙ፤ በራሱ የፕላስቲክ መያዣ ይቀመጥ። የተቃጠለ ጣዕም ሲመጣ ወዲያው አቁሙ።

ባትሪ ፈንድቶ ካቃጠለ የነደደውን ልብስ አውልቁና ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ቃጠሎው ከባትሪ መሆኑን ተናገሩ፤ ከውስጡ የሚወጣው ኬሚካል ቆዳን ለብቻው ይጎዳልና።

ፈሳሹን ከሕፃናት አርቁ። የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ጣፋጭ ይመስላቸዋል። ሕፃን ከጠጣው ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ቆዳ ላይ ከፈሰሰም በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ትኩሳት ከሳል ጋር ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለሐኪሙም ቬፕ እንደምትጠቀሙ ንገሩ፤ ካልተናገራችሁ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

በዚያን ቀን እናትየው ተመልሰው ሲገቡ ልጁ ሁሉንም ራሱ ነገራቸው። ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ «ለካ ባዘቶዬ የሚያልቀው ለዚህ ኖሯል!» አሉና ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከወር በኋላ በቀጠሮው ሲመጣ ሳሉ ቀርቷል፤ ልቡም ተረጋግቷል። ኒኮቲኑን ቀንሷል፤ ፈጽሞ ግን አላቆመም። አንድ ቀን ሲጋራ እንዳማረውና አንድ እንዳጨሰም አልደበቀኝም። አልተቆጣሁትም። ሌላ ቀጠሮ ሰጠሁት፤ ትግሉ ገና ነውና።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ «እንፋሎት ነው» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «እስቲ አሳየኝ፤ ከምን ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ውይይቱ ከዚያ ይጀምራል።

ቸር እንሰንብት!