የማኅበሩ ገንዘብ በእጅ ስልክ ሲንቀሳቀስ

ቀደም ባሉት ዓመታት የገበሬ ማኅበር ገንዘብ የሚጠበቀው በብረት ሣጥን ነበር። ቁልፉ ከገንዘብ ያዡ፣ መዝገቡ ከጸሐፊው ዘንድ ስለሚቀመጥ ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሰዎች መገኘታቸው የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን የእህል ዋጋም ሆነ የአባላት መዋጮ በአያሌ ቀበሌዎች በእጅ ስልክ እየተላለፈ ይገኛል።

ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብርን አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ካዋለ፣ ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን ካስከተለ ወዲህ፣ ገበሬው ጥቂት ገንዘብ ለመላክ ወይም ለመቀበል ወረዳ ከተማ ድረስ በእግሩ ከመጓዝ እየዳነ መሆኑ የማይካድ ነው። ለዚህም ውድ ስማርት ስልክ አያስፈልገውም። በተራው ባለ ቁልፍ ስልክ *127# ብሎ ሲደውል የቴሌብር ዝርዝር ያለ ኢንተርኔት ይመጣለታል። ይሁን እንጂ የብረቱን ሣጥን የሚፈልግ ሌባ በሌሊት በር ሰብሮ ይገባ እንደነበር ሲታወስ፣ የስልኩ ሌባ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰላምታ አስቀድሞ ነው።

ከሁሉ የተለመደው የማታለያ ዘዴ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማሳቸው ላይ ወይም ስብሰባ ላይ ሳሉ ስልካቸው ጮኾ 5,000 ብር ገቢ እንደሆነላቸው የሚገልጽ ጽሑፍ ይደርሳቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ስልክ ይደወላል።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? በስሕተት በእርስዎ ቁጥር ገንዘብ ልኬ ነው። የእናቴ መታከሚያ ነበር።»

«እግዜር ይማርልህ ልጄ። ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«በዚችው ቁጥር መልሰው ቢልኩልኝ፣ አባቴ፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆሜያለሁ።»

የሰው ገንዘብ ቤታቸው ማደሩን የሚጠሉ ሰው በዚህ ጊዜ አያመነቱም፤ ይልካሉ። ማታ ሒሳቡ ሲታይ 5,000 ብር ወጥቷል እንጂ የገባ ነገር የለም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከአታላዩ የገዛ ስልክ የተጻፈ ተራ መልእክት ነበርና። እንዲህ ያለው ሰው የተጠቀመው በገበሬው ሞኝነት ነው ማለት ስሕተት ነው። የተጠቀመው በቅንነቱ ነው። በመሆኑም የደረሰበትን ሰው በስብሰባ ላይ መሳቂያ ማድረግ ሌላው ሲታለል እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትክክለኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚለው ቁጥር ሲሆን፣ የአታላዩ ግን ብዙውን ጊዜ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግል ስልክ ነው። ይህን መለየት ቢጠቅምም እርግጠኛው ማረጋገጫ ግን ጽሑፉን ትቶ ሒሳቡን ማየት ነው። *127# ተደውሎ የምስጢር ቁጥሩ ከገባ በኋላ ቀሪ ሒሳብ የሚለው ሲመረጥ እውነቱ ይታወቃል። ገንዘቡ በእርግጥ በስሕተት ገብቶ ቢገኝስ? በዚያን ጊዜም ቢሆን ወደተባለው ቁጥር በራስ እጅ መላክ አይገባም። ላኪው ለድርጅቱ እንዲያመለክት መንገር፣ ተቀባዩም በበኩሉ ለድርጅቱ ማስታወቅ የተሻለ ነው። እውነተኛ ባለገንዘብ በዚህ አይቆጣም።

ሁለተኛው ዘዴ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ቁጥር ነው። ደዋዩ ከቴሌ ወይም ከባንክ ነኝ ይላል፤ መስመሩ ሊዘጋ ነው፣ ወይም ዕጣ ወጥቷል በማለት ያጣድፋል። ከዚያም «አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ያ ቁጥር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ማረጋገጫ ነው። አታላዩ በራሱ ስልክ ላይ የሌላውን ሰው ሒሳብ ለመክፈት ሲሞክር፣ ባለቤቱ መሆኑን ለማጣራት ወደ ባለቤቱ ስልክ የተላከ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ማለት ሌባው ከውጭ ሲያንኳኳ መወርወሪያውን ከውስጥ ማንሣት ማለት ነው። የቴሌም ሆነ የባንክ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ወይም የምስጢር ቁጥሩን የሚጠይቅበት አንዳችም የሥራ ምክንያት የለውም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር መስመር እንኳ ሲደወልለት ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ይናገራል እንጂ ስለ ማንም የገንዘብ ቁልፍ አይጠይቅም።

ከሩቅ አታላይ ይልቅ የሚያሠጋው ግን የቅርቡ ልማድ ነው። በገበያ ቀን በአንድ ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ለቆመ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። ማንበብ የሚያስቸግራቸው አረጋዊ ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ይሰጡና የምስጢር ቁጥራቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነግሩታል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል። የባሏ የሞተባት ሴት ስልክም ብዙ ጊዜ የሚውለው በወንድ ልጇ ወይም በወንድሟ እጅ ስለሆነ፣ ከምትሸጠው በግ ዋጋ ስንት እንደገባ የምታውቀው ሲነግሯት ብቻ ነው። ማንበብ አለመቻል ቁጥር መለየት አለመቻል አይደለም። የብር ኖት የሚለይ ሰው ሁሉ ስድስት አኀዝ በራሱ ጣት መጫንን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊለምድ ይችላል። ማኅበሩ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተነጋግሮ፣ በተለይ ለሴት አባላት እንዲህ ያለ ልምምድ በስብሰባ መጨረሻ ላይ ቢያዘጋጅ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ስድስት አኀዝ አለው። ስድስት አኀዝ በ1,000,000 ልዩ ልዩ መንገድ ሊደረደር ስለሚችል በመገመት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም 123456 ብሎ ወይም አንዱን አኀዝ ስድስት ጊዜ ደግሞ የመረጠ ሰው ይህን ሁሉ ጥበቃ ጥሎታል። የገዛ ስልክ ቁጥርን መጨረሻ መምረጥም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከስልኩ ሽፋን ሥር የሚያስቀምጥ ደግሞ አለ።

የማኅበር ገንዘብ በሊቀመንበሩ የግል ቁጥር መሰብሰቡ ሌላው መታረም ያለበት አሠራር ነው። ሊቀመንበሩ የታመኑ ሰው ቢሆኑም እንኳ የማኅበሩ 20,000 ብር ከግል ገንዘባቸው ጋር በአንድ ሒሳብ ተቀላቅሎ ሲገኝ ለቁጥጥር ኮሚቴው የሚያሳዩት ነገር ያጣሉ። ሐሜት የሚነሣውም ከዚህ ነው። በማኅበሩ ስም በባንክ ሒሳብ ተከፍቶ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን፣ በስልክ የተሰበሰበውም በዚያው ሳምንት ወደዚያ ገቢ ቢደረግ ይበጃል። እያንዳንዱ የስልክ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው መልእክት ይዞ ስለሚመጣ፣ ጸሐፊው ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክና ያንን መለያ ቁጥር በዕለቱ ከመዝገብ ላይ ሊያሰፍር ይገባል። ስልክ ወንዝ ውስጥ ሊወድቅ፣ መልእክቱም በስሕተት ሊጠፋ ይችላል። መዝገቡ ግን በቢሮ ይቀራል።

መብራት ባልገባበት ቀበሌ ስልክ የሚሞላው ከተማ ወስዶ ለቻርጅ ቤት በመስጠት ነው። ስልኩ በዚያ ግማሽ ቀን ሲውል ሲም ካርዱም አብሮ ይውላል። ሲም ካርዱን የያዘ ሰው ደግሞ የማረጋገጫ መልእክቶችን መቀበል ይችላል። ስለሆነም ስልኩ ለቻርጅ ከመሰጠቱ በፊት ሲም ካርዱን አውጥቶ በኪስ መያዝ ጠቃሚ ነው። ይህ የሚያስቸግር ከሆነ ሲም ካርዱን ራሱን በምስጢር ቁጥር መቆለፍ ይቻላል። ሲቆለፍ፣ ስልኩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ወይም ካርዱ ወደ ሌላ ስልክ ሲዛወር ቁጥሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ 3 ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ይዘጋና ካርዱ ሲገዛ በመያዣው ላይ ታትሞ የነበረውን ረጅም ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ያ መያዣ እንደ ተራ ወረቀት መጣል የለበትም። ስለ ቻርጅ ከተነሣ ዘንድ፣ ያበጠ ባትሪ ከታየ መወጋት፣ መጫን ወይም ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ በእሳት ሊነድ ይችላል። ውኃ የገባበትን ስልክ ጤፍ ውስጥ መቅበርም የሚጠቅመው ነገር የለም። ጤፉ በቻርጅ ቀዳዳው ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አጥፍቶ፣ የሚወጣ ከሆነ ባትሪውን አውጥቶ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ማድረቅ ይሻላል።

ስልኩ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ፍጥነት ወሳኝ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በሌላ ሰው ስልክ 994 ደውሎ መስመሩን፣ 127 ደውሎ ደግሞ የቴሌብር ሒሳቡን ማሳገድ አለበት። ከዚያም መታወቂያውን ይዞ በቅርብ ከሚገኘው የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ካርድ ያወጣል። ለፖሊስ ለማመልከት የስልኩ መለያ ቁጥር ይጠቅማል። *#06# ሲጫን በስልኩ መስኮት ላይ የሚወጣው 15 አኀዝ ያለው ቁጥር ይኸው ነው። ይህን ማወቅ የሚቻለው ግን ስልኩ በእጅ ሳለ ስለሆነ፣ የማኅበሩ አመራር አባላት ሁሉ የየስልካቸውን መለያ ዛሬውኑ ከማኅበሩ መዝገብ ላይ ቢያስመዘግቡ መልካም ነው። 994 እና 127 የሚሉትን ቁጥሮችም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ መጻፍ ያስፈልጋል። በጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ተመዝግበው ከሆነ በጭንቁ ሰዓት የሚያገኛቸው የለም።