የወደቀ የዐይን ቆብ፦ ከማንሣት በፊት መመርመር



አንድ አዛውንት አገጫቸውን ቀና፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ካልሆነ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ማየት የሚቸግራቸው ከሆነ፣ እይታቸውን የጋረደው የገዛ ዐይናቸው ቆብ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርጅና የሚለው መልስ ግን ከምርመራ በኋላ የሚሰጥ እንጂ ምርመራን የሚተካ አይደለም።

የላይኛውን ቆብ በዋናነት የሚያነሣው ሌቫተር የተባለው ጡንቻ ነው። ጉልበቱን ለቆቡ የሚያደርሰውም አፖኒውሮሲስ በሚባል ሰፊና ስስ ጅማት አማካይነት ነው፤ ሙለር የተሰኘው ትንሽ ጡንቻ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያግዘዋል። ዕድሜ ሲገፋ ጅማቱ ይሳሳል፣ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም ከተያያዘበት ይላቀቃል። የላላው ገመዱ ነው፤ የሚጎትተው ጡንቻ ግን ጉልበቱ በአብዛኛው እንዳለ ነው። ይህንንም በልኬት እናረጋግጣለን። በጤናማ ዐይን የቆቡ ጠርዝ ከብሌኑ መሐል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በእርጅና በወደቀ ቆብ ይህ ርቀት ይቀንሳል፤ ታካሚው ከታች ወደ ላይ ሲመለከቱ ቆቡ የሚጓዘው ርቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር አያንስም።

ቆብ በሌላም ምክንያት ይወድቃል። በድንገት ወድቆ ዐይኑ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ብሌኑ ከሰፋ ወይም ራስ ምታት ካጀበው፣ በአንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ሦስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነው። ብሌኑ ከጠበበ ሆርነር ሲንድረም፣ ጠዋት ተሽሎት ማታ የሚብስ ከሆነ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይጠረጠራል። እነዚህን ሳይለዩ ምላጭ ማንሣት ምልክቱን አስወግዶ በሽታውን መሸሸግ ይሆናል።

መንስኤው የጅማቱ መላላት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ሐኪሙ በቆቡ እጥፋት ላይ ቆዳውን ከፍቶ ጅማቱን ወደ ፊት ይስብና ታርሰስ ከተባለው የቆቡ ጠንካራ ክፍል ጋር ይሰፋዋል። የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ስለሆነ፣ ታካሚው ዐይናቸውን ሲገልጡ ሐኪሙ ከፍታውን እያየ ስፌቱን ያስተካክላል። ሁለተኛው መንገድ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ በኩል ገብቶ የሙለርን ጡንቻ ማሳጠር ነው፤ ለዚህ የሚመረጡት በተለይ የፊኒሌፍሪን ጠብታ ሲደረግላቸው ቆባቸው ከፍ የሚል ታካሚዎች ናቸው። ትራኮማ ለረጅም ዘመን በቆየባቸው የአገራችን አካባቢዎች ግን ውስጠኛው ሽፋን ጠባሳ ሊኖረው ስለሚችል፣ ቆቡን ገልብጠው ሳያዩ ይህን መንገድ መምረጥ አይገባም።

ሁለቱ ቆቦች ከአንጎል እኩል ትእዛዝ ስለሚቀበሉ፣ አንዱ ሲነሣ ደህና የመሰለው ሌላኛው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የወደቀውን በጣት ከፍ አድርጎ የሌላውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ የተነሣ ቆብም በእንቅልፍ ጊዜ በሚገባ አይገጥምም፤ ዐይኑ ይደርቃል፣ ኮርኒያውም ይቆስላል። የሕክምናው ግብ ብሌኑን መግለጥ ነው፤ ልኩም ዐይኑ መልሶ መከደን መቻሉ ነው።